እሜቴን ፍለጋ በስድስት ስፒከር

ሰሞኑን ያገኘን ወዳጅ ሁሉ «እህስ፣ ማጫወቻው ተገዛ?» ይለናል። ጤናችንን የሚጠይቅ ጠፍቷል። ጥፋቱ የኛው ነው። አምስት ወር ሙሉ ካፌ ውስጥም፣ ታክሲ ሰልፍ ላይም፣ ለቅሶ ቤት ድንኳን ሥር ሳይቀር ስለ ስፒከርና ስለ ኤችዲኤምአይ ገመድ ስናወራ የሰማን ሰው ሌላ ምን ይጠይቀን? ስለዚህ አንዴ ጽፈነው እንገላገል ብለን ቁጭ ብለናል። «እኛ» የምንለው ሁለት ነን፤ እህትና ወንድም፤ አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ሳሎንና አንዲት እናት የምንጋራ።

ነገሩ የጀመረው በ2015 ፋሲካ ነው። ትንሹ ወንድማችን ባቢ ጀርመን አገር የድምፅ ቀረጻ ይማራል። ለበዓል ሲመጣ እኛ ጫማና ቸኮሌት ስንጠብቅ እሱ ሻንጣ ሙሉ ማይክና ገመድ ይዞ ከች አለ። (ቸኮሌት አልነበረም። እስከ ዛሬ አልረሳንለትም።) በበዓሉ ማግስት ካሳንቺስ በነበረው የአያታችን የእሜቴ ቤት ሳሎን ውስጥ ማይኮቹን ዙሪያውን ተከላቸው። ፊት ለፊት መሀል ላይ አጎታችን ጋሼ ከነክራራቸው፤ ከሳቸው በስተግራ ማሲንቆ የያዘ ጓደኛቸው፤ በስተቀኝ ከበሮ የሚመታ የጎረቤት ልጅ፤ ከኋላ በስተቀኝ ወደ ግቢው የሚከፈተው በር፤ ከኋላ በስተግራ ደግሞ እሜቴ፣ ዱካዋ ላይ፣ ሙቀጫዋን ፊቷ አስቀምጣ።

አርባ አምስት ደቂቃ ተቀረጸ። ጋሼ ይጫወታሉ። እሜቴ ቡና ትወቅጣለች፤ ደስ ሲላት እልልታዋን ትለቀዋለች። በበሩ በኩል የቆራሌው ጥሪ ይገባል፤ ዶሮ ይጮሃል፤ አንድ መኪና ጥሩምባ ይነፋል። መጨረሻ ላይ አቦሉ ሲቀዳ እሜቴ ትመርቃለች። ረጅም ምርቃት ነው፤ ሁላችንንም በየስማችን እየጠራች፣ ውጭ ያሉትን ሳትዘል፣ የሞቱትንም ሳትረሳ። (በነገራችን ላይ እሜቴን «አንቺ»፣ ጋሼን «አንቱ» እያልን ነው ያደግነው። ለምን እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ጋሼ ግን እስከ ዛሬ ይከነክናቸዋል።)

በ2017 መጀመሪያ ካሳንቺስ ሲፈርስ የእሜቴም ቤት አብሮ ፈረሰ። እሷ ወደኛ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ወዳለው ኮንዶሚኒየም መጣች። ሙቀጫዋን አልተወችውም፤ ይዛው መጣች። ግን ፎቅ ላይ ቡና ሲወቀጥ የሚወቀጠው የታችኛው ጎረቤት ጣሪያ ነው። ሁለት ቀን ሞከረች፤ ሰውየው መጥቶ በትህትና አንኳኳ፤ ከዚያ በኋላ የተፈጨ ቡና ከሱቅ እየገዛን አመጣንላት። ምንም አላለችም። በዚያው ዓመት ጥር ላይ አረፈች።

ከአርባዋ በኋላ ባቢ የዚያን ቀን ቅጂ ላከልን። ስልክ ላይ ከፈትነው። ክራሩ አለ፤ ማሲንቆው አለ፤ ከበሮው አለ። እሜቴ ግን የለችም። የለችም ስንል ጨርሶ አይደለም፤ ከሩቅ፣ ሦስተኛ ቤት ሆኖ የሚያወራ ሰው እንደሚሰማው፣ ቃሉ ሳይለይ ትሰማለች። እማዬ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ እስከ መጨረሻው አዳመጠች። ከዚያ «እናቴ ውጭ ሆና ነው እንዴ የምትመርቀው?» አለችን። ሌላ ነገር አልተናገረችም። ሙት ዓመቱ አምስት ወር ሲቀረው ግን ነገሩን አነሳችው፤ «ለሙት ዓመቷ ምርቃቷን መስማት እፈልጋለሁ» አለች። ይኸው ነው ትእዛዙ።

ባቢን ደወልንለት። ሳቀብን። «ፋይሉ እኮ ስድስት ቻናል ነው! ስልካችሁ ሁለት ነው የሚያሰማችሁ፤ የቀረውን ወይ ይጨፈልቀዋል ወይ ይጥለዋል። ሰራውንድ የሚችል ማጫወቻ ግዙ» አለን። ግዙ! እንደ ሽንኩርት!

እስቲ ስለ ፋይሉ ትንሽ እንበል፤ ይሄን ያልተረዳ ሰው ሱቅ ሄዶ የሚበላው ፍዳ ነው፤ እኛ በልተነዋል። የለመድነው ሙዚቃ ሁለት ቻናል ነው፤ ግራና ቀኝ። አምስት ነጥብ አንድ የሚባለው ደግሞ ፊት ግራ፣ ፊት ቀኝ፣ መሀል፣ ኋላ ግራ፣ ኋላ ቀኝ ብሎ አምስት፤ «ነጥብ አንዷ» የወፍራሙ ድምፅ፣ የዉፈሩ ቻናል ናት። ሦስተኛ ቁጥር ካያችሁ፣ ለምሳሌ 5.1.2፣ መጨረሻዋ ቁጥር ከላይ ከጣሪያ በኩል የሚያሰሙ ስፒከሮች ናት። ዶልቢ አትሞስ የሚሉት እዚያ ይገባል። ሲኒማ ቤት የገባው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው፤ ወደ መኖሪያ ቤት የመጣው በ2014። የአትሞስ ልዩነቱ ድምፁን ለተወሰነ ስፒከር አለመስጠቱ ነው። «ይሄ ክራር ከዚህ አቅጣጫ፣ በዚህ ከፍታ ይሰማ» የሚል መመሪያ ከድምፁ ጋር ያያይዛል፤ ቤታችሁ ባለው የስፒከር ብዛት ልክ የማከፋፈሉ ሥራ የማሽኑ ነው። የባቢ ፋይል ግን የድሮው ዓይነት ነው፤ ስድስት ቻናል፣ ፍላክ። ፍላክ ድምፁን ሳይቆርጥ የሚያጭቅ ነው፤ እስከ ስምንት ቻናል ይይዛል። የአትሞስን መመሪያ ግን አይዝም። «ፍላክ አትሞስ አለኝ» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ቡናችሁን ጠጥታችሁ ተነሱ።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ፈረንጆቹ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ኳድራፎኒክ ብለው በአራት ስፒከር ሞክረውት ሕዝቡ አልተቀበላቸውም፤ እርስ በርስ የማይግባቡ የሸክላ ዓይነቶች አውጥተው ገዢውን አደናገሩት። በ1999 ሶኒና ፊሊፕስ ኤስኤሲዲ የሚባል ዲስክ አወጡ፤ እሱም የጥቂት አፍቃሪዎች ሆኖ ቀረ። የፒንክ ፍሎይድ «ዳርክ ሳይድ ኦፍ ዘ ሙን» እንኳ በሦስቱም ዘመን ተሞክሮበታል፤ በኳድ፣ ከዚያ በ2003 በአምስት ነጥብ አንድ ኤስኤሲዲ፣ ከዚያ በ2023 በአትሞስ። አንድ አልበም ሦስት ጊዜ! የኛዎቹ የ1960ዎቹ ሸክላዎች ደግሞ ሞኖ ወይም ስቴሪዮ ናቸው። የማሽኑን «ሰራውንድ» ቁልፍ ተጭኖ መሐሙድን በስድስት ስፒከር መበተን ይቻላል። ሞክረነዋል። መሐሙድ ኮሪደር ላይ ሆኖ የሚዘፍን መሰለ፤ ወዲያው መለስነው።

ወደ ግዢው። በመጀመሪያ ቤት ውስጥ ያለውን ሆም ቲያትር ተመለከትን። አባታችን ከዱባይ ያመጣው፣ ዲቪዲ የሚያጫውት፣ አምስት ትናንሽ ስፒከርና አንድ ዉፈር ያለው። ዩኤስቢ አለው። ፍላሹን ሰካን፤ «ፋይሉ አይታወቅም» አለን። እሺ፣ ሌላ ማጫወቻ ገዝተን ከሱ ጋር እናገናኘው ብለን ጀርባውን ስናይ ኤችዲኤምአዩ ማውጫ ብቻ ነው፤ ማስገቢያ የለውም። ማለትም ከሱ ወደ ቴሌቪዥን ይወጣል እንጂ ከሌላ ማሽን ስድስት ቻናል ተቀብሎ ማሰማት አይችልም። ሆም ቲያትር ያላችሁ ሰዎች፣ ምንም ነገር ከመግዛታችሁ በፊት ዞር አድርጉና ጀርባውን እዩ። «ኢን» የሚል ጽሑፍ ከሌለ በቃ፣ ዲቪዲያችሁን እያያችሁ ኑሩ።

ቀጥሎ ቴሌቪዥኑ። እሱ ፍላኩን ከፈተው፤ ግን በሁለት ቻናል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተውን እንናገር፣ እኛም ተሳስተናልና። ማጫወቻውን ቴሌቪዥን ላይ ሰክቶ፣ ድምፁን ከቴሌቪዥን በአርክ ወደ አምፕሊፋየር መላክ ቀላል ይመስላል። የድሮው አርክ ግን ለስድስት ቻናል ያልተጨመቀ ድምፅ የሚሆን ቦታ የለውም፤ ወይ ሁለት ቻናል ወይ እንደ ዶልቢ ዲጂታል የተጨመቀ ነገር ነው የሚያልፍበት። ፍላክ ሲፈታ ያልተጨመቀ ይሆናል፤ ስለዚህ ሁለት ሆኖ ይደርሳል። በኦፕቲካል ገመድም ያው ነው። ኢአርክ የሚባለው አዲሱ ይችላል፤ የኛ ቴሌቪዥን ግን ከዚያ በፊት የተወለደ ነው። መፍትሔው ማጫወቻውን በቀጥታ አምፑ ላይ መሰካት፣ ከአምፑ ወደ ቴሌቪዥን ምስል ብቻ ማሳለፍ። ገመዱ ያው፣ ቅደም ተከተሉ ሌላ።

ስለዚህ አምፕ ፍለጋ ወጣን። ዕቃው በፈረንጅኛ ኤቪ ሪሲቨር ነው የሚባለው። ሱቅ ገብታችሁ «ሪሲቨር አለ?» ብትሉ ግን የዲሽ ሪሲቨር ነው የሚሰጧችሁ፤ «ፉል ኤችዲ ነው፣ ሁሉንም ቻናል ያወጣል» እያሉ። እኛም «ስድስት ቻናል ያወጣል?» ብለን ጠየቅን። ልጁ አዘነልን። «ስድስት? ሺህ ያወጣላችኋል!» አለን።

መጨረሻ ላይ ሜሪላንድ ያለችው የአክስታችን ልጅ ያገለገለ አምፕ በሻንጣዋ አመጣችልን። አሥር ኪሎ የሚሆን ጥቁር ሣጥን፤ ሌላ ሰው ከአሜሪካ የሚጠብቀውን ስንት ነገር አስቀርታ። ደስታችን ልክ አልነበረውም፤ ሰካነው፤ ጧ! አለና የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተን። ጀርባው ላይ «120 ቮልት» ተብሎ በግልጽ ተጽፏል። የኛ ግድግዳ የሚሰጠው 220 ነው። ሁለታችንም ዩኒቨርሲቲ የጨረስን ሰዎች ነን፣ እባካችሁ ለማንም እንዳትነግሩ። ጠጋኙ ከፍቶ ካየው በኋላ «ፊውዙ ነው የሞተላችሁ፤ እናንተን አትርፎ» አለን። ፊውዙን ቀየረ፤ እኛ ደግሞ ከ220 ወደ 110 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ገዛን። ስትገዙ አምፑ ጀርባ ላይ የተጻፈውን ዋት አይታችሁ ከዚያ በደንብ ከፍ ያለውን ውሰዱ፤ ልክክ ያለው ይግላል። የስፒከሮቹን ነገር በአጭሩ እንለፈው፤ ሠፈራችን ውስጥ ካንድ ቤቱን የሚሸጥ ሰው ገዛን።

አሁን ዋናው፣ ማጫወቻው ቀረ። ባቢ አንድ ብልህ ነገር ሠራልን። በራሱ ድምፅ «ፊት ግራ»፣ «ፊት ቀኝ»፣ «መሀል»፣ «ኋላ ግራ»፣ «ኋላ ቀኝ» እያለ፣ ለዉፈሩ ደግሞ «እምምምም» ብሎ፣ እያንዳንዷን ቃል በየቻናሏ ያስቀመጠባት የግማሽ ደቂቃ ፍላክ ላከልን። እሷን በፍላሽ ይዘን በየሱቁ ዞርን። መገናኛ አካባቢ አንድ ሱቅ ውስጥ ትንሽ የአንድሮይድ ሣጥን ሰካንልን፤ «ፊት ግራ»፣ «ፊት ቀኝ» አለና ጸጥ። አራቱን ውጧቸዋል። መርካቶ ያየነው ሌላው ሣጥን ሁሉንም አሰማ። ሻጩ «ይኸው፣ ሁሉም ተናገሩ» አለን። ተናግረዋል፣ ግን «ኋላ ግራ» ያለው ሰውዬ ፊት ለፊት ቆሞ ነው የተናገረው። ስድስቱን ሁለት ውስጥ ጨፍልቆ ማለት ነው። ሣጥኑ ላይ ከፊት «5.1» ተብሎ በወርቃማ ቀለም ተጽፏል። የሣጥን ጽሑፍና የሠርግ ዘፈን እኩል ናቸው፤ ሁሉም ቆንጆ ነው ይላሉ።

እንደዚህ እያልን ሦስት ዕጩ ቀረን። የመጀመሪያው ቤት ውስጥ ያለ፣ ስክሪኑ የተሰነጠቀ አሮጌ ላፕቶፕ ነው። ኮዲ የሚባለውን ነጻ ፕሮግራም ጭነን፣ በኤችዲኤምአይ አምፑ ላይ ሰክተን፣ ከድምፅ ማስተካከያው ውስጥ የቻናል ብዛቱን ከ2.0 ወደ 5.1 ስንቀይረው ባቢ ከስድስቱም ቦታ ተናገረ። ያለ አንድ ሳንቲም! (ኮዲ ሲጫን 2.0 ላይ ነው የሚገኘው፤ እዚያ ትቶት «ሰራውንድ እምቢ አለ» የሚል ስንት ሰው አለ።) ሁለተኛው የአፕል ቲቪ ነው፤ ኢንተርኔት ላይ ያለውን የአትሞስ ሙዚቃ ለሚሰማ ሰው ጥሩ ዕቃ ነው፤ ነገር ግን ዩኤስቢ መሰኪያ የሚባል የለውም። የኛ ሙዚቃ ያለው ፍላሽ ላይ ነው፤ ቻው። ሦስተኛው እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው ኤንቪዲያ ሺልድ ፕሮ ነው። ሁለት ዩኤስቢ አለው፤ ኮዲ ይጫንበታል፤ ትሩኤችዲ የሚባለውን ትልቁን የአትሞስ ዓይነት ሳይነካው እንዳለ ለአምፑ ያሳልፋል። ባቢ ቀጣዩን ሥራውን በአትሞስ እንደሚሠራ ስለዛተ ይሄም ታሰበ። ዚዱና ዱን የሚባሉ ለዚሁ ተብለው የተሠሩ ማጫወቻዎችም አሉ፤ የኤስኤሲዲ ፋይል ያላችሁ ሰዎች እነሱን እዩ። ኦፖ የሚባለውን ታላቅ ማጫወቻ የምትመኙ ካላችሁ፣ ድርጅቱ በ2018 ማምረት አቁሟል፤ ያገለገለውን የሚሸጥ ሰው እንደ ቅርስ ነው የሚተምነው።

በምክንያት ብቻ ቢሆን ላፕቶፑ ያሸንፍ ነበር። ድምፁን ብትሰሙት ልዩነት የለውም፤ ስድስት ቻናል ፍላክ ሳይነካ ከደረሰ ደረሰ፣ የፈታው ማሽን ውድ ሆነ ርካሽ ክራሩ ያው ክራር ነው። ስለ «ሞቃት ድምፅ» የሚያወሩ ሰዎች ይቀየሙን። እኛን ያጣላን ሌላ ጥያቄ ነበር። እማዬ ይሄን ነገር መስማት የምትፈልገው መቼ ነው? እኛ ሥራ ስንሄድ ነው። ቤት ብቻዋን ስትሆን። ላፕቶፑን ደግሞ እሷ ልትከፍተው አትችልም፤ ፓስወርድ፣ ማውስ፣ «አፕዴት ልድረግ ወይ» የሚል ጥያቄ፣ መብራት ሄዶ ሲመጣ ሰማያዊ ስክሪን። አንዳችን «እናስተምራታለን» አልን፤ ሌላችን «ዋትሳፕ ስናስተምራት ምን እንደሆነ ረሳኸው?» አልን። (ለሠርግ ጥሪ መልስ ስትሰጥ የለቅሶ ምልክት ልካ ነበር።) ሪሞት ያስፈልጋል። አንድ ቁልፍ፣ አንድ ሥዕል። በዚህ የተነሳ ሺልዱን ከዱባይ የሚመጣ ሰው ለምነን ገዛን። ዋጋውን አንጽፈውም፤ ይሄን አንብባችሁ ሳትጨርሱ ይቀየራል። ፎልደሩ ውስጥ የእሜቴን ፎቶ አስቀመጥን፤ ኮዲ ሲከፈት ፎቶዋ ይመጣል፤ እማዬ ፎቶውን ትጫናለች፤ በቃ።

ስፒከሮቹን ደረደርን። መጽሐፉ የኋላዎቹ ከመቀመጫው ከ100 እስከ 120 ዲግሪ ዞር ብለው ይቀመጡ ይላል፤ የኛ ሶፋ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ስለሆነ ሶፋውን አንድ ክንድ ወደፊት ጎተትነው፤ አሁን ወደ መኝታ ቤት የሚገባ ሰው በጎን ነው የሚያልፈው። መሀሉን ቦታ ለእማዬ መደብን። ሙት ዓመቱ ዘጠኝ ቀን ሲቀረው፣ እሷ ቤተ ክርስቲያን በሄደችበት፣ ፋይሉን ለመጀመሪያ ጊዜ በስድስቱም ከፈትነው።

እሜቴ የለችም።

እንዴት እንደሆንን አንነግራችሁም። ክራሩ አለ፤ ማሲንቆው አለ፤ ቆራሌው ከኋላ ግራ ይጮሃል። ከዉፈሩ ዱብ፣ ዱብ፣ ዱብ የሚል የሙቀጫ ድምፅ ብቻ ይመጣል። ሙቀጫው እዚያ፣ ሴትዮዋ የለችም። የኋላ ቀኙ ስፒከር ደግሞ ጨርሶ ዝም። ገመዱ ነው ብለን አዲስ ገመድ ገዛን፤ ዝም። ስፒከሮቹን አቀያየርን፤ ዝም። የባቢን መሞከሪያ ስንከፍት ግን «ኋላ ቀኝ» ብሎ ጥርት አድርጎ ይናገራል! ማጫወቻው ደህና፣ አምፑ ደህና፣ ገመዱ ደህና። ሁለት ሌሊት ተነታረክን። አንዳችን ማጫወቻውን እንመልሰው ማለት ጀመርን፤ ሌላችን ማን ይቀበለናል አልን።

የፈቱት ጋሼ ናቸው። ቅዳሜ ለሙት ዓመቱ ጉዳይ ሊመካከሩ መጥተው ሶፋው ላይ ተቀምጠው ትንሽ አዳመጡና ፊታቸው ተቋጠረ።

«ክራሩ ለምንድን ነው ከቀኝ የሚመጣው?»

«ጋሼ፣ እንደዛ ነው የተቀረጸው መሰለን።»

«ምን ማለት ነው እንደዛ? እኔ መሀል ነበርኩ። ከበሮው ነው በቀኜ የነበረው። አሁን ልጁ መሀል ገብቶ እኔን ወደ ዳር ገፍቶኛል» አሉ፤ ልክ ዛሬ የተገፉ ያህል ተቆጥተው።

ተያየን። ቆራሌው! በሩ እኮ በስተቀኝ ነበር፤ አሁን ግን ከግራ ነው የሚጮኸው። ሁሉም ሰው ወንበር ተቀያይሯል። ወዲያው ለባቢ ደወልንና የጋሼን ክስ እንዳለ አቀረብን። ባቢ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ «አፈር ብላ በሉኝ» አለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስድስቱ ቻናሎች ፋይል ውስጥ በስም አይደለም የሚቀመጡት፣ በሰልፍ ነው። ፍላክ ሰልፉን «ፊት ግራ፣ ፊት ቀኝ፣ መሀል፣ ዉፈር፣ ኋላ ግራ፣ ኋላ ቀኝ» ብሎ ነው የሚያነበው። ባቢ የሠራበት የስቱዲዮ ፕሮግራም ደግሞ በሲኒማው ልማድ «ግራ፣ መሀል፣ ቀኝ፣ ኋላ ግራ፣ ኋላ ቀኝ፣ ዉፈር» ብሎ ያሰልፋል። ሲያስተላልፍ ሰልፉን ሳያስተካክል ለቀቀው። እሱ ሁሌ የሚያዳምጠው ስቱዲዮው ውስጥ፣ ፕሮግራሙ ላይ ስለሆነ አልታወቀውም። መሞከሪያዋን በሌላ ፕሮግራም ነበር የሠራት፤ እሷ ትክክል ነበረች። እንግዲህ ቁጠሩ። ሁለተኛው መሀል ለፊት ቀኝ ተሰጠ፤ ጋሼ ተገፉ። ሦስተኛው ቀኝ ለመሀል ተሰጠ፤ ከበሮው ወንበር ወረሰ። አምስተኛው፣ በሩ፣ ወደ ግራ ዞረ። ባዶው የዉፈር ቻናል ኋላ ቀኝ ላይ ሄዶ ዝም አለ። አራተኛው፣ ኋላ ግራ፣ እሜቴ፣ ዉፈር ውስጥ ገባች።

ዉፈር ደግሞ ወፍራሙን ብቻ ነው የሚያሰማው። ሙቀጫዋን አሰማ፣ ድምፅዋን ጣለ። ስልኩም ላይ የጠፋችው በዚሁ ነው፤ ስድስት ቻናል ወደ ሁለት ሲጨፈለቅ ብዙ ጊዜ የዉፈሩ ቻናል ይጣላል። ከሩቅ ስትሰማን የነበረችው የሌሎቹ ማይኮች የቃረሟት ናት። አንድ ዓመት ሊሞላ ምንም ሳይቀረው፣ ሴትዮዋ ፋይሉ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ነበረች።

ባቢ አስተካክሎ ድጋሚ ላከው። አርባ አምስት ደቂቃ፣ ስድስት ቻናል፣ 24 ቢት፣ 96 ኪሎ ኸርዝ፤ ሳይጨመቅ 4.6 ጊጋ ባይት ገደማ ይሆናል፤ በፍላክ ከዚያ ግማሽ አካባቢ። ሌሊቱን ሲወርድ አደረ፤ ሁለት ጊዜ ተቋረጠ፤ ሁለታችንም በየተራ እየተነሳን አየነው፤ እንደ ሕፃን። (ያልተጨመቀውን በፍላሽ ልትወስዱ የምታስቡ፣ ፍላሻችሁ ፋት 32 ከሆነ ከ4 ጊጋ በላይ የሆነ ነጠላ ፋይል አይቀበልም። ኤክስፋት አድርጉት።)

አክስታችን ይሄን ስትሰማ ተቆጣች። «ለሙት ዓመት ክራርና ከበሮ? ጸሎትና ፍታት ባለበት?» አለች። እማዬ «ምርቃቷን ነው የምንሰማው» አለቻት፤ አክስታችን «ምርቃቷ ብቻውን ይቆረጥ» አለች። እኛ መቁረጥ እንደሚቻል እያወቅን አይቻልም አልን። ዋሸን፣ አዎ። ክራሩ ሲጀምር እልልታዋ አለ፤ ቡናው አለ፤ ማንን ከማን እንቆርጣለን? በመጨረሻ ስምምነት ተደረሰ፤ በዕለቱ ምንም አይከፈትም፤ ድግሱ ካለቀና እንግዳ ከሄደ በኋላ፣ ማታ፣ የቤት ሰው ብቻ ሲቀር።

ማታ ሆነ። ድስቶቹ ታጥበዋል፤ አክስታችን እሄዳለሁ ብላ አልሄደችም። ጋሼ ሶፋው ላይ ናቸው። ለእማዬ መሀሉን ቦታ ጠበቅንላት፤ ትራስ ሁሉ አስቀምጠናል። ሪሞቱን ሰጠናት፤ የእሜቴን ፎቶ ተጫነች።

ክራሩ መሀል ላይ ጀመረ። ጋሼ «አሁን ልክ ነው» አሉ። ከበሮው በቀኝ ገባ። ከዚያ ከኋላ፣ በግራ፣ ሙቀጫው ጀመረ፤ ከሙቀጫው ጋር የእሜቴ ጉሮሮ መጥረግ፣ ለራሷ የምታጉረመርመው ነገር፣ «ይቺ ቡና እርጥብ ናት» የሚል ቃል። አክስታችን ዞር ብላ ኋላዋን አየች። እማዬ አልዞረችም። ተነስታ ወደ ጓዳ ሄደች፤ ደነገጥን፤ የእሜቴን ዱካ ይዛ ተመለሰች። ኋላ ግራው ስፒከር አጠገብ አስቀመጠችውና ጀርባዋን ለኛ ሰጥታ፣ ጆሮዋን ወደሱ አስጠግታ ተቀመጠች። ያን ሁሉ ወር የደከምንለት መሀል ቦታ ባዶውን ቀረ፤ ትራሱ ላይ ሪሞቱ ብቻ። እዚያ ሆና አንድ ስፒከር ብቻ ነው የሚሰማት፤ ሰራውንድ የሚባል ነገር የለም። ልንነግራት አሰብን፤ ጋሼ በዓይናቸው ተዉ አሉን።